ሠሪና ጠባቂ፤ ስለ ዋሻ ሚካኤልና ስለ ፍሎረንስ ክርስትና ቤት

ቤት የሚሠራ ሰው በሰው ሁሉ ፊት ይመሰገናል። ሥራው በተፈጸመ ጊዜ ሕዝብ ተሰብስቦ ያየዋል፤ ግብዣም ይደረጋል፤ ስሙም ከልጅ ወደ ልጅ ይነገራል። ቤት የሚጠብቅ ሰው ግን እንዲህ ያለ ክብር አያገኝም። ክረምት ሳይገባ ጣራ ላይ ወጥቶ ቀዳዳ የሚደፍን፥ በቦይ የተከማቸውን ቅጠልና ጭቃ የሚጠርግ፥ በግድግዳ ላይ የበቀለውን ቡቃያ ገና ሥር ሳይሰድ የሚነቅል ሰው ግብዣ አይደረግለትም። ሥራው መልካም በሆነ መጠን አይታይምና፤ ቤቱ ሳይፈርስ ቆመ ከማለት በቀር ለሰው የሚያሳየው ነገር የለውም።

ነገር ግን ሠሪ የሚሠራው አንድ ጊዜ ሲሆን ጠባቂ የሚጠብቀው ዘወትር ነው። ሠሪው ከሞተ በኋላ ሥራው በሕይወት የሚኖረው በጠባቂው እጅ ነው። ይህ ነገር እውነት መሆኑን ሊረዳ የሚወድ ሰው ሁለት ጥንታውያን ቤቶችን ያስተያይ። አንደኛው በአዲስ አበባ ከተማ በምሥራቅ በኩል በየካ ተራራ ላይ ያለው ዋሻ ሚካኤል ነው። ሁለተኛው በኢጣልያ አገር በፍሎረንስ ከተማ ያለው የመጥምቁ ዮሐንስ ክርስትና ቤት ነው። አንዱ ከዓለት ተወቅሮ የወጣ፥ ሁለተኛው በዕብነ በረድ ተለብጦ የታነጸ ነው። ሁለቱም በብልሃተኞች እጅ ተሠሩ፤ ሁለቱንም ውሃ ጐዳቸው፤ በአጠባበቃቸው ግን ዕድላቸው ተለያየ።

በቦሌ ሜዳ ቆሞ ወደ ሰሜን የሚመለከት ሰው የየካን ተራራ ከፊቱ ያገኘዋል። በሜዳው ላይ የአውሮፕላን ማረፊያው፥ ሰፋፊዎቹ መንገዶች፥ ረጃጅሞቹ ፎቆችና የቦሌ መድኃኔ ዓለም ካቴድራል ታላላቅ ጉልላቶች ይታያሉ። ይህ ሁሉ የቅርብ ጊዜ ሥራ ነው። አዲስ አበባ ራስዋ የተቈረቈረችው በ1879 ዓ.ም. ነው፤ ከተማዪቱ በከተሞች ዕድሜ ሲመዘን ገና ልጅ ናት። በተራራው ላይ ያለው ዋሻ ሚካኤል ግን ከተማ ሳይኖር፥ መንገድ ሳይወጣ፥ ባሕር ዛፍም ወደ አገሩ ሳይገባ በስፍራው ነበረ። ከቦሌ ፎቆች ሁሉ በዕድሜ የሚበልጠው ቤት ከቦሌ ሰዎች ብዙዎቹ አይተውት የማያውቁት ቤት ነው።

የአካባቢው ሰዎች ትውፊት ቤቱን የወቀሩት በአራተኛው መቶ ዓመት የነበሩት ነገሥታት አብርሃና አጽብሐ ናቸው ይላል። የታሪክ ተመራማሪዎች ደግሞ አሠራሩን ከሌሎች ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ጋር አስተያይተው በ12ኛውና በ14ኛው መቶ ዓመት መካከል የተሠራ ነው ይላሉ። በሁለቱ አሳብ መካከል የብዙ መቶ ዓመት ልዩነት አለ። ሆኖም በአነስተኛው ቍጥር እንኳ ቢታሰብ ቤቱ ከአዲስ አበባ ወደ አምስት መቶ በሚጠጋ ዓመት ይበልጣል። የወቃሪዎቹም ስም አልተጻፈም፤ ስማቸውን የሚናገርላቸው የእጃቸው ሥራ ብቻ ነው።

ከዓለት የሚወቀር ቤት አሠራሩ ከሌላው ቤት ሁሉ የተለየ ነው። ሌላው ቤት የሚሠራው በመጨመር ነው። ግንበኛው ድንጋይ በድንጋይ ላይ ይክባል፤ ቢሳሳትም አፍርሶ እንደገና ይጀምራል። ወቃሪ ግን የሚሠራው በመቀነስ ነው። በመጀመሪያ በዓለቱ ላይ የቤቱን መጠን ለክቶ ምልክት ያደርጋል። ከዚያም ዙሪያውን በጥልቅ ይቈፍራል፤ በመካከል የቀረውንም ዓለት ከላይ ወደ ታች እየጠረበ የጣራውን፥ የመስኮቱንና የበሩን መልክ ያወጣል። ቀጥሎ በከፈተው ቀዳዳ ገብቶ ውስጡን ይፈለፍላል፤ ዓምድ የሚሆነውን ትቶ የማያስፈልገውን ፍርክስካሽ ወደ ውጭ ያወጣል። ስለዚህ በሌላ ቤት መጨረሻ የሚሠራው ጣራ በዚህ ቤት መጀመሪያ ይሠራል፤ በሌላ ቤት መጀመሪያ የሚጣለው መሠረት በዚህ ቤት መጨረሻ ላይ ይገኛል።

በዚህም ሥራ ላይ ስሕተት ምሕረት የለውም። ወቃሪው በችኰላ የሰነጠቀውን ዓምድ ነቅሎ ሌላ ሊተክል አይችልም፤ ቈርጦ የጣለውንም ቅስት መልሶ ሊያጣብቀው አይችልም። ስለዚህ መዶሻውን ከማንሣቱ በፊት ቤቱን በሙሉ በልቡናው ሠርቶ መጨረስ አለበት። የሚወቅረውን ብቻ ሳይሆን የሚተወውንም አስቀድሞ ማወቅ ግዴታው ነው። ከዓለት የተወቀረውን ቤት የሚያይ ሰው ያልተነካውን ድንጋይ ያያል፤ የዚያ ቤት ጥበብ ግን በልክ ማቆምን ማወቅ ነው። ይህ ትዕግሥት ለሰው ጠባይም ትምህርት ይሆናል፤ ብዙ ሰው ምን እንደሚያደርግ ያውቃል፥ ምን እንደሚተው የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

ይህን የመሰለ ቤት ግን አንድ ብርቱ ጠላት አለው፤ እርሱም ውሃ ነው። ቤቱ የቆመው በተቈፈረ ስፍራ ውስጥ ስለ ሆነ ከዳገት የሚወርደው ጎርፍ ወደ እርሱ ይሳባል። የጥንት ወቃሪዎች ይህን በሚገባ ያውቁ ነበር። በላሊበላ ከተማ ከዓለት የተወቀሩት አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት ስለዚህ ነገር ምስክር ናቸው። በዚያ የሠሩት ሰዎች ቤቶቹን ብቻ ወቅረው አልሄዱም፤ ውሃውም የሚወርድበትን ቦይ በዓለቱ ውስጥ አብረው ቈረጡለት። በቤተ ማርያም ቅጥር ውስጥ ደግሞ ውሃ የሚጠራቀምበትን ገንዳ ወቀሩ፤ ሕዝብም ያን ውሃ ለበረከት ይፈልገዋል። የሚጐዳውን ውሃ የሚሄድበትን መንገድ ሰጡት፤ ለበረከት የሚሆነውን ውሃ የሚቀመጥበትን ስፍራ አዘጋጁለት። ይሁን እንጂ የተወቀረ ቦይ ራሱን በራሱ አይጠርግም። ቅጠል ሲሞላው፥ አፈር ሲደፍነው፥ ቦዩ በስፍራው እያለ ውሃው ወደ ቤቱ ይመለሳል።

በዋሻ ሚካኤል የደረሰው ነገር ይህን ይመስላል። ቤቱ የዘወትር ቅዳሴ የሚቀደስበት መሆኑ ከቀረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ጣራው በከፊል ፈርሷል፤ ክረምት በገባ ጊዜ ዝናብ ወደ ውስጥ ይወርዳል፥ ወለሉም ላይ ይተኛል። የጠጣው ዓለት በበጋ ይደርቃል፤ በክረምት እንደገና ይርሳል፤ በዚህ መመላለስ ድንጋዩ እየላላ ይፈረፈራል። በስንጥቁም ውስጥ ዘር ይወድቃል፥ ይበቅላልም፤ ሥሩ እንደ ሽብልቅ ሆኖ ድንጋዩን ይከፍለዋል። ከነዚህ ነገሮች አንዱም በአንድ ቀን የሚያስደነግጥ አይደለም። የአገር ሰው በተረቱ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚለው ስለዚህ ነው። ያየው ሰው ዛሬም እንደ አምናው ነው ብሎ ይሄዳል፤ ነገር ግን ዛሬ ከአምናው በአንዲት ፍርፋሪ ያንሳል።

በወንጌል ቤቱን በዓለት ላይ የሠራው ሰው ልባም ተብሎ ተመስግኗል። ዋሻ ሚካኤል በዓለት ላይ ብቻ የተሠራ አይደለም፤ ራሱ ዓለት ነው። እንዲህም ሆኖ ጠባቂ ባጣ ጊዜ ተጐዳ። ዓለት ያለ ጠባቂ የማይጸና ከሆነ ከጭቃና ከእንጨት የተሠራው እንደ ምን ሊጸና ይችላል?

ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ከመልካ ቁንጥሬ አልፎ ሌላ ውቅር ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ስሙም አዳዲ ማርያም ነው። ትውፊት ያን ቤት ከንጉሥ ላሊበላ ስም ጋር ያያይዘዋል። እርሱም እንደ ዋሻ ሚካኤል በሸዋ ምድር ከዓለት የተወቀረ ነው፤ ዝናቡም በእርሱ ላይ ይዘንባል። ነገር ግን አዳዲ ማርያም ዛሬም ይቀደስበታል። ካህናት በየጊዜው ይገቡበታል፤ ምእመናን በበዓል ቀን ይሰበሰቡበታል፤ ስለዚህ አንድ ነገር ቢበላሽ ቶሎ የሚያይ ዓይን አለ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1990ዎቹም ዓመታት በስዊዘርላንድ ሰዎች እርዳታ እድሳት ተደርጎለታል። ቤት ሰው ሲገባበት ይጸናል፤ ሰው ሲለየው ይታመማል።

ከሩቅ አገር የመጣውን ምሳሌ ከማየት አስቀድሞ በኢትዮጵያ ውሃና ቤተ ክርስቲያን ያላቸውን አንድነት ማስታወስ ይገባል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40 ቀን፥ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ትነሣለች። ይህ የሚፈጸምበት ስፍራ ክርስትና ቤት ይባላል። በየዓመቱም ጥር 10 ቀን ታቦታት ከየመንበራቸው ወጥተው ወደ ውሃ ዳር ይወርዳሉ፤ ቀኑም ከተራ ይባላል፤ ውሃ ከመከተር የመጣ ስም ነው። በማግሥቱ የጥምቀት በዓል ይከበራል። በአዲስ አበባ ስመ ጥሩው የጥምቀት ሜዳ ጃንሜዳ ነው፤ በጎንደር ደግሞ የዐፄ ፋሲል መዋኛ በውሃ ተሞልቶ ለዚሁ በዓል ያገለግላል። በሌላም አገር ክርስቲያኖች ለጥምቀት ብለው ታላላቅ ቤቶችን ሠርተዋል፤ ከእነዚያ ሁሉ ስሙ የታወቀው የፍሎረንስ ክርስትና ቤት ነው። ከዚህ በታች ስለዚያ ቤት የሚነገሩት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የፍሎረንስ ክርስትና ቤት ስምንት ማዕዘን ያለው ነው። ስምንት ቍጥር የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። የፍጥረት ሳምንት ሰባት ቀን ነው፤ ጌታም የተነሣበት እሑድ ከሰባቱ ቀጥሎ እንደ ስምንተኛ ቀን ሆኖ ይቈጠራል፤ ስለዚህ ስምንት የአዲስ ሕይወት ምልክት ሆነ። ቤቱ በ1059 ዓ.ም. እንደ ተቀደሰ ይነገራል። ውጭው በነጭና በአረንጓዴ ዕብነ በረድ በሥርዓት ተለብጧል። የጣራው ውስጥ በ13ኛው መቶ ዓመትና በ14ኛው መጀመሪያ በተሠራ ሞዛይክ ተሸፍኗል። ሞዛይክ ማለት ከጥቃቅን ባለ ቀለም ብርጭቆና ድንጋይ ቍራጭ ተገጣጥሞ የሚሠራ ሥዕል ነው። በወርቅ መደብ ላይ በፍርድ ቀን የሚቀመጠው ክርስቶስ ከሁሉ ጐልቶ ይታያል፤ በዙሪያውም የፍጥረት፥ የዮሴፍ፥ የጌታና የመጥምቁ ዮሐንስ ታሪክ በየረድፉ ተሥሏል። ሕፃኑን ይዛ የምትገባ እናት ከራስዋ በላይ ቀና ብላ ታሪኩን ከፍጥረት እስከ ፍርድ ታየዋለች።

በዚያ ከተማ ለብዙ መቶ ዓመት ሕፃናት ሁሉ በዚያ በአንዱ ቤት ይጠመቁ ነበር። የባለጸጋ ልጅና የድኃ ልጅ በአንድ ውሃ ተነከሩ፤ ስመ ጥሩው ባለ ቅኔ ዳንቴም ከነርሱ አንዱ ነበር። በ14ኛው መቶ ዓመት የነበረው ታሪክ ጸሐፊ ጆቫኒ ቪላኒ እንደ ተረከው ካህኑ የተጠመቁትን ለመቍጠር ብልሃት ነበረው፤ ወንድ ልጅ በተጠመቀ ጊዜ አንድ ጥቁር ባቄላ፥ ሴት ልጅ በተጠመቀች ጊዜ አንድ ነጭ ባቄላ ያኖር ነበር። ዓመቱ በተፈጸመ ጊዜ ባቄላው ሲቈጠር የከተማው ልጆች ቍጥር ታወቀ። ይህ ትንሽ ነገር ነው፤ ነገር ግን አንዲት ነፍስ እንኳ ሳትቈጠር እንዳትቀር የሚያስብ ሰው በዚያ ቤት እንደ ነበረ ያሳያል።

የቤቱ ዝና ግን ከሁሉ ይልቅ በሦስቱ የነሐስ በሮቹ ነው። የመጀመሪያውን አንድሬያ ፒሳኖ ከ1330 እስከ 1336 ዓ.ም. ሠራው። በዚያ በር ላይ 28 ገበታዎች አሉ፤ 20ው የመጥምቁ ዮሐንስን ታሪክ ያሳያሉ፤ ስምንቱ ተስፋን፥ ሃይማኖትን፥ ፍቅርን፥ ትሕትናን፥ ብርታትን፥ መጠንን ማወቅን፥ ፍትሕንና ጥበብን በሴት አምሳል ያሳያሉ። ወደ ጥምቀቱ የሚገባ ሰው እነዚህን ምግባሮች በበሩ ላይ አይቶ ያልፋል፤ ከተጠመቀ በኋላም ሊይዛቸው የሚገባውን ያውቃል።

በ1401 ዓ.ም. ሁለተኛውን በር ለማሠራት ውድድር ታወጀ። ለተወዳዳሪዎቹ የተሰጠው ርእስ የይስሐቅ መሥዋዕት ነበር። ሎሬንዞ ጊቤርቲ የተባለ ወጣት ብልሃተኛ አሸነፈ። ሥራው ከማማሩም በላይ የፈጀው ነሐስ ከተወዳዳሪው ከፊሊፖ ብሩነሌስኪ ያነሰ ነበር። ጊቤርቲ ያን በር ከ1403 እስከ 1424 ዓ.ም. ሲሠራ ኖረ፤ ከዚያም ሦስተኛውን በ1425 ጀምሮ በ1452 ፈጸመው። በሦስተኛው በር ላይ ከብሉይ ኪዳን የተወሰዱ አሥር ታሪኮች በወርቅ ተለብጠው ይታያሉ፤ ይህም የገነት በር ተብሎ ተጠራ። ሁለቱ በሮች ከወጣትነቱ እስከ ሽምግልናው ያለውን ዘመን ወሰዱበት።

ከአሥሩ ገበታዎች የመጨረሻው ለኢትዮጵያውያን የቀረበ ነገር አለው። በእርሱ ላይ የተቀረጸው ንግሥተ ሳባ ከንጉሥ ሰሎሞን ጋር የተገናኘችበት ታሪክ ነው። ደግሞም ጊቤርቲ ይህን በር ሲሠራ በ1441 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም የኢትዮጵያውያን ማኅበር አበምኔቱ አባ ኒቆዲሞስ የላኳቸው መነኮሳት ፍሎረንስ ገብተው በጳጳሱ በአራተኛው ኤውጌንዮስ ፊት ቆመዋል። ዘመኑ በኢትዮጵያ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ መንግሥት ነበር። እንግዲህ ባሕርና በረሃ የለያቸው ሕዝቦች አስቀድመው ይተዋወቁ ነበር፤ ፍሎረንስ ለኢትዮጵያውያን ፈጽማ ባዕድ አገር አይደለችም።

አሁን ወደ ጥበቃው ነገር መመለስ ያስፈልጋል። ይህን ቤት ያስጌጠው ንጉሥ አልነበረም። ከ12ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ጥበቃው ካሊማላ ለሚባለው ለጨርቅ ነጋዴዎች ማኅበር የተሰጠ ነበር። ከውጭ አገር ጨርቅ አምጥተው አሳምረው የሚሸጡት እነዚህ ነጋዴዎች ከትርፋቸው ለክርስትና ቤቱ ይከፍሉ ነበር። በሮቹን ያሠሩ፥ ውድድሩንም ያወጁ እነርሱ ናቸው። ብልሃተኛው ቢሞት ማኅበሩ አልሞተም፤ አንዱ አለቃ ቢሻር ሌላው ተተካ። ቤቱ የሁሉ ነው ተብሎ ለማንም ሳይሰጥ አልቀረም፤ የሁሉ ሲሆን የሚጠየቅበት ባለ አደራ ነበረው።

እንዲህም ሆኖ መከራ አልቀረለትም። በኖቬምበር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. አርኖ የሚባለው ወንዝ ሞልቶ ከተማዪቱን አጥለቀለቃት። ጎርፉ በክርስትና ቤቱ ላይ ደርሶ በሮቹን በኃይል መታ፤ ከገነት በርም ገበታዎች ከስፍራቸው ተነቀሉ። ነገር ግን ጎርፉ ያገኘው ባለቤት ያለውን ቤት ነበር። የተነቀሉት ተፈልገው ተሰበሰቡ። ጎርፉና የብዙ ዘመን እርጥበት ያበላሹትን በር ብልሃተኞች በዝግታ ማጽዳትና ማደስ ጀመሩ። ሥራው 27 ዓመት ፈጅቶ በ2012 ዓ.ም. ተፈጸመ። ዛሬ እውነተኛው በር እርጥበት በማይደርስበት የመስተዋት ሣጥን ውስጥ በቤተ መዘክር ይኖራል፤ በቤቱም ላይ በልኩ የተሠራ ምትክ ቆሟል።

ጊቤርቲ ያን በር ሊሠራው 27 ዓመት ፈጀበት፤ በኋላ ዘመን የተነሡት ሰዎችም ሊያድሱት 27 ዓመት ፈጀባቸው። የጊቤርቲን ስም የማያውቅ የተማረ ሰው ጥቂት ነው፤ ያደሱትን ሰዎች ስም የሚያውቅ ግን የለም ማለት ይቀላል። በመጀመሪያ ማን ይበልጣል ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ በዚህ ቍጥር ይገኛል። በሚዛን ላይ ሁለቱ እኩል ናቸው።

ይህም ምሳሌ የፍሎረንስ ሰዎች ከየካ ወቃሪዎች ይበልጣሉ ለማለት አይደለም። የየካ ወቃሪዎች ስሕተት በማይታረምበት ሥራ ላይ እጃቸውን የዘረጉ ሰዎች ናቸው፤ ጥበባቸው ከማንም አያንስም። ልዩነቱ ከሠሪዎቹ በኋላ በመጣው ነገር ነው። አንዱ ቤት ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈ ባለ አደራ አገኘ፤ ሁለተኛው ግን ሁሉ የሚያከብረው፥ ለጥበቃው ግን የሚጠየቅበት ሰው ያጣ ሆኖ ቀረ።

ምናልባት አንድ ሰው እንዲህ ይል ይሆናል፦ በቦሌም በየካም በየጊዜው አዳዲስ አብያተ ክርስቲያናት ይታነጻሉ፤ ሕዝብም በብዛት ይሰበሰብባቸዋል፤ የፈረሰውን ለምን ይጨነቁበታል? ለዚህ መልሱ ቀላል ነው። አዲስ ቤት በገንዘብና በጉልበት ሊሠራ ይቻላል፤ አሮጌ ቤት ግን በምንም ገንዘብ ሊሠራ አይቻልም። ዛሬ የተሠራው ቤት አምስት መቶ ዓመት እንዲሆነው የሚያስፈልገው ሲሚንቶ ሳይሆን አምስት መቶ ክረምት የሚጠብቁት ሰዎች ናቸው። ደግሞም የአባቶቹን ቤት ሲፈርስ ዝም ብሎ ያየ ልጅ እርሱ የሠራውን ልጆቹ እንዲጠብቁለት በምን አፍ ያዛቸዋል? አዲሱ ቤት ነገ አሮጌ ይሆናል።

ጥበቃ ግን በቅንነት ብቻ አይፈጸምም፤ ዕውቀትም ይፈልጋል። በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በላሊበላ ዝናብን ይከለክላል በማለት አንዳንዶቹን አብያተ ክርስቲያናት በቅጥራን ቀብተዋቸው ነበር፤ በኋላ የመጡት አዳሾች ግን ቅቡ ዓለቱን የሚጐዳ መሆኑን አይተው በብዙ ድካም ፋቁት። ስለዚህ ዋሻ ሚካኤልን የሚወድ ሰው ከራሱ አሳብ ሲሚንቶ ተሸክሞ ቢወጣ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበዛል። የዓለቱን ጠባይ የሚያውቁ ባለሙያዎች ሊመረምሩት፥ ባለ አደራም ሊቆምለት ያስፈልጋል። ሌላው ሰው ሊያደርገው የሚችለው ትንሽ ነገር ደግሞ አለ። ሄዶ ማየት፥ በግድግዳው ላይ ስሙን አለመቧጠጥ፥ ቍራጩን ለመታሰቢያ ብሎ አለመውሰድ፥ ያየውንም ለሚመለከታቸው መናገር ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ምክር ለእሳት ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ለውሃም ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ለተማሪ የሚጠቅመው ትምህርት በራሱ ልብ ያለውን ቤት የሚመለከት ነው። ክርስትና የሚነሣው አንድ ጊዜ ነው፤ ክርስትናን መጠበቅ ግን የዕድሜ ልክ ሥራ ነው። ሕፃኑ በ40 ቀኑ የተቀበለውን ጸጋ አባትና እናቱ፥ የክርስትና አባቱና የክርስትና እናቱ ይጠብቁለታል፤ ካደገ በኋላ ግን ጠባቂው ራሱ ነው። ሌላውም መልካም ነገር ሁሉ እንደዚሁ ነው። ወዳጅነት በአንድ ቀን ይጀመራል፤ የሚጸናው ግን በመጠያየቅና ይቅር በመባባል ነው። ትምህርት በአንድ ዓመት ይገኛል፤ ካልተከለሰ ግን በሁለተኛው ዓመት ይረሳል። የታመነ ስም በብዙ ዘመን ይሠራል፤ ትንሽ ሐሰት ግን በጣራ ላይ እንዳለች ቀዳዳ ናት፤ ባለቤቱ በበጋ ቢንቃት በክረምት ታፈስበታለች።

ስለዚህ ብልህ ሰው በየማታው የልቡናውን ቦይ ይጠርጋል። ቂም ተከማችቶ እንደ ሆነ ያወጣዋል፤ ክፉ ምኞት በስንጥቁ በቅሎ እንደ ሆነ ገና ለጋ ሳለ ይነቅለዋል። ይህን ሲያደርግ የሚያየው ሰው የለም፤ የሚያጨበጭብለትም የለም። ነገር ግን ክረምቱ በመጣ ጊዜ ቤቱ ቆሞ ይገኛል። በየካ ተራራ ላይ ያለው ዓለት ዛሬም በየክረምቱ ይህን ትምህርት ይሰጣል፤ ፍጹም ፈርሶ ትምህርቱን ከማቆሙ በፊት የሚሰማው ጠባቂ ቢያገኝ ለከተማዪቱ ክብር፥ ለልጆችዋም ርስት ይሆናል።

ጥያቄ።

1. ከዓለት የሚወቀር ቤት አሠራር ከግንብ ቤት አሠራር በምን ይለያል?
2. ወቃሪ መዶሻውን ሳያነሣ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ምንድን ነው?
3. ዋሻ ሚካኤልና አዳዲ ማርያም በምን ይመሳሰላሉ? በምንስ ይለያያሉ?
4. የፍሎረንስ ክርስትና ቤት ስምንት ማዕዘን የሆነው ስለ ምንድን ነው?
5. የገነት በር ለመሠራት ስንት ዓመት ፈጀ? ለመታደስስ?
6. ተማሪ በቤቱ፥ በትምህርት ቤቱና በልቡናው ሊጠብቀው የሚገባው ምንድን ነው? እያንዳንዱን በምሳሌ ይግለጽ።